የጋብቻ ዓመት አበቦችና «የጥንት ልማድ» የሚለው ቃል

በእንግሊዝና በአሜሪካ ባልና ሚስት የተጋቡበትን ቀን በየዓመቱ ሲያከብሩ ለያንዳንዱ ዓመት የተመደበ ስጦታ እንዳለ ብዙዎቻችን ሰምተናል። ሃያ አምስተኛው የብር፣ ኀምሳኛው የወርቅ ይባላል። ከዚሁ ጐን አንድ የአበባ ዝርዝር አለ፤ ለመጀመሪያው ዓመት ካርኔሽን፣ ለሦስተኛው የፈረንጅ ሱፍ፣ ለአራተኛው ሃይድራንጂያ፣ ለስድስተኛው ካላ፣ ለሰባተኛው ፍሪዚያ፣ ለዘጠነኛው «የገነት ወፍ» የሚሏት፣ ለዐሥረኛው ዳፎዲል፣ ለዐሥራ አምስተኛው ጽጌ ረዳ፣ ለሃያ አምስተኛው አይሪስ፣ ለአርባኛው ግላዲዮለስ፣ ለኀምሳኛው ብጫ ጽጌ ረዳ ከቫዮሌት ጋራ። ዝርዝሩ ከአንዱ አበባ ሻጭ ወደ ሌላው ሲተላለፍ አንዳንዱ ስም ይለዋወጣል፤ «የጥንት ልማድ» የሚለው ማዕርግ ግን አይለየውም። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ይህንኑ ማዕርግ ነው።

ነገሩ የአበባ ብቻ ቢሆን ኖሮ የአንባቢን ጊዜ ባላጠፋሁ ነበር። ዳሩ ግን እኛ የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪዎች «ከጥንት ጀምሮ» የሚለውን ሐረግ በየመጽሐፉ እናገኘዋለን፤ ብዙ ጊዜም ሳንመረምር ወደ ፈተና ወረቀታችን እንገለብጠዋለን። አበባ ለዚህ ዓይነት ምርመራ የሚመች ምስክር ነው፤ ከየት አገር እንደ መጣ፣ መቼ ባሕር እንደ ተሻገረ፣ ማን ስም እንዳወጣለት በጽሑፍ ተመዝግቧልና። (ዓመቶቹን ሁሉ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር እጽፋለሁ።)

እንግዲህ የገነት ወፍን እንጥራ። ይህች አበባ የደቡብ አፍሪካ ተወላጅ ናት። ወደ እንግሊዝ አገር፣ ኪው ወደሚባለው የንጉሥ የአትክልት ቦታ የደረሰችው በ1773 ሲሆን፣ በሳይንስ ስሟ ስትሬሊትዚያ የተባለችው ለንጉሥ ጆርጅ ሣልሳዊ ሚስት ለንግሥት ሻርሎት ክብር ነው፤ ንግሥቲቱ መክለንቡርግ ስትሬሊትስ ከሚባለው የጀርመን ቤተ መስፍን የመጣች ነበረችና። ፍሪዚያም የዚያው የደቡብ አፍሪካ ልጅ ናት፤ ስሟን ያገኘችው ፍሬሰ ከሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ሲሆን፣ ስሙ በሳይንስ መጽሐፍ የጸደቀው በ1866 ነው። የፈረንጅ ሱፍ ደግሞ ከኮሎምቦስ ጕዞ በፊት በኤውሮፓ አልታየም፤ አገሩ ሰሜን አሜሪካ ነው። ይህን ሁሉ ካየን በኋላ አንድ የእንግሊዝ ባላገር በመካከለኛው ዘመን ለዘጠነኛ ዓመቱ የገነት ወፍ ለሚስቱ ሲያቀርብ ማሰብ ይቻላልን?

ስለ ካላ ግን ቆም ማለት ይገባናል፤ ጕዳዩ ስማችንን ይነካልና። ካላ ነጭ ቀንድ የመሰለች፣ በሠርግም በቀብርም የምትታይ አበባ ናት። ስዊድናዊው ሊቅ ሊኔዎስ በ1753 «ካላ ኤቲዮፒካ» ብሎ ሰየማት፤ ዛሬም በሳይንስ መጽሐፍ ሁለተኛው ስሟ «ኤቲዮፒካ» እንደ ሆነ ቀርቷል። ነገር ግን አገሯ ኢትዮጵያ አይደለም፤ በተፈጥሮ የምትበቅለው በደቡብ አፍሪካና በአጠገቡ ባሉ አገሮች ነው። በዚያ ዘመን የነበሩ የኤውሮፓ ሊቃውንት ከግሪኮች በወረሱት አነጋገር ጥቍር ሕዝብ የሚኖርበትን የአፍሪካ ምድር ሁሉ «ኢትዮጵያ» ይሉት ነበር። ስለዚህ አንድ ወዳጅ ይህችን አበባ በእኛ ስም ተጠርታ ቢያገኛት በአገር ፍቅር ስሜት ቶሎ እንዳይኰራ እመክረዋለሁ። መኵራት ካስፈለገ በግላዲዮለስ ይሻላል፤ ዛሬ በየሱቁ ለሚሸጠው ትልልቅ አበባ ላለው ግላዲዮለስ ዋና ወላጅ ከሆኑት ዝርያዎች አንዱ ከደቡብ አፍሪካ እስከ አገራችን ድረስ በዱር ይበቅላል።

ምናልባት አንድ ሰው «አበባዎቹ አዲስ ይሁኑ፤ ትርጕማቸው ግን የቆየ ሊሆን ይችላል» ይል ይሆናል። ይህም ክርክር መልስ አለው። በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት በፈረንሳይና በእንግሊዝ «የአበባ ቋንቋ» የሚባል ፋሽን ተነሥቶ ነበር። ሥሩን ከምሥራቅ ይቈጥሩታል፤ እመቤት ሜሪ ዎርትሊ ሞንታጉ በ1718 ከቍስጥንጥንያ በጻፈችው ደብዳቤ ቱርኮች አበባና ልዩ ልዩ ዕቃ በመላላክ የፍቅር መልእክት እንደሚለዋወጡ ገልጻለች። ደስ የሚለው ነገር፣ በዚያ ሥርዐት ትርጕሙ የሚገኘው ከአበባው ጠባይ ሳይሆን ከስሙ ጋራ ቤት ከሚመታ ግጥም ነው። ቤት መምታትን ለምናውቅ ለእኛ ይህ እንግዳ አይሆንም። ፈረንጆቹ ግን ግጥሙን ትተው አበባውን ወሰዱ፤ ሻርሎት ደ ላቱር በሚል የብዕር ስም በ1819 በፓሪስ የወጣው መጽሐፍም ለያንዳንዱ አበባ ቍርጥ ያለ ፍቺ ሰጠ።

አሁን ዝርዝራችንን ኬት ግሪናዌይ በሥዕል አስጊጣ በ1884 በለንደን ካወጣችው የአበባ ቋንቋ መጽሐፍ ጋራ እናስተያየው። የአራተኛው ዓመት ሃይድራንጂያ በዚያ መጽሐፍ ጕረኛነትና ርኅራኄ ማጣት ማለት ነው። ረጅሙ የፈረንጅ ሱፍ ትዕቢት ነው። ብጫ ጽጌ ረዳስ? የፍቅር መቀነስና ቅናት! ኀምሳ ዓመት ሙሉ ተቻችለው ለኖሩ ሽማግሌና አሮጊት «ፍቅራችሁ ቀንሷል» ብሎ አበባ የሚያቀርብ የልማድ አባት ይኖራል ብዬ አላምንም። ደግሞም ደማቁ ብጫ ጽጌ ረዳ ለኤውሮፓውያን የአትክልት ቦታ ብርቅ ነበር፤ ከእስያ የመጣው የቀድሞው ዝርያ በመጥፎ ሽታው የተነሣ በላቲን «የሚገማ» ተብሎ ተሰይሟል። ፔርኔ ዱሼ የሚባል የሊዮን አትክልተኛ ከዚሁ ዝርያ አዳቅሎ «የወርቅ ፀሐይ» የሚል ስም ያለውን ጽጌ ረዳ ያወጣው በ1900 ነው፤ ዛሬ የምናያቸው ደማቅ ብጫ ጽጌ ረዳዎች በብዛት ከእርሱ ይወለዳሉ።

ታዲያ የቆየ ነገር ከቶ የለምን? አለ፤ በጀርመን አገር። በዚያ ሙሽራይቱ የአደስ ቅጠል ጕንጕን በራሷ ላይ ታደርግ ነበር። ሃያ አምስት ዓመት ሲሞላ ያው ጕንጕን በብር፣ ኀምሳ ሲሞላ በወርቅ ተሠርቶ ይቀርባል። እዚህ ላይ ተክሉና ዓመቱ በእውነት ተገናኝተዋል፤ በዓሉ ሠርጉን በማዕድን ይደግመዋልና። የብርና የወርቅ ሠርግ የሚለው ስምም በጀርመን ምድር የቆየ ነው። የንግሥት ቪክቶሪያ ታላቅ ልጅ በ1858 የፕሩሲያውን ልዑል ስታገባ አደስ ይዛ ነበር፤ ኬት ሚድልተንም በ2011 ስታገባ በእቅፍ አበባዋ ውስጥ አደስ ነበረበት። የሚያስገርመው ግን ይህ ነው፤ «የጥንት ልማድ» የተባለው የአበባ ዝርዝር አደስን ጨርሶ አያነሣም።

የወርቁ ስም ወደ አገራችንም ገብቷል። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና እቴጌ መነን የተጋቡበት ኀምሳኛ ዓመት በ1961 ሲከበር የመታሰቢያ ቴምብር ታትሞ ነበር።

በየመካከሉ ያሉትን ዓመቶች ማን ሞላቸው ብለን ስንጠይቅ የገበያ እጅ ይታያል። አሜሪካዊቷ ኤሚሊ ፖስት በ1922 ባሳተመችው የጨዋነት ሥርዐት መጽሐፍ የጠቀሰቻቸው በዓላት ስምንት ብቻ ናቸው። በ1937 ግን የአሜሪካ ጌጣጌጥ ቸርቻሪዎች ማኅበር ክፍት የነበሩትን ዓመቶች በስጦታ ሞላ። ይህን ያደረገ የአገር ሽማግሌ ሳይሆን ነጋዴ ነው። የአበባው ዝርዝርም በመጀመሪያዎቹ ዐሥራ አምስት ዓመቶች አንድ እንኳ ሳይዘል ተራውን ጠብቆ መሄዱ የዚያው ገበያ ልጅ ያስመስለዋል። በዚህ ረገድ የእናቶች ቀን ታሪክ ትምህርት ይሰጣል፤ አና ጃርቪስ በ1908 እናቷ ይወዱት የነበረውን ነጭ ካርኔሽን ለቤተ ክርስቲያን ምእመናን አደለች፤ ቀኑ ሲስፋፋ ነጋዴዎች የአበባውን ዋጋ ሰቀሉት፤ እርሷም ያቋቋመችውን በዓል በመቃወም ዕድሜዋን ፈጀች።

ሌላው ምስክር ወቅት ነው። ዳፎዲል በኤውሮፓ የሚያብበው በጸደይ መጀመሪያ ነው። በጥቅምት የተጋባ ሰው ለዐሥረኛ ዓመቱ ከወዴት ያመጣዋል? ዝርዝሩ የመስተዋት ቤት፣ የማቀዝቀዣ ክፍልና አውሮፕላን ካለበት ዓለም በቀር ሊፈጸም አይችልም። በዚህ ዓለም ውስጥ ደግሞ እኛም አለንበት፤ ዛሬ ኢትዮጵያ አበባ ወደ ውጭ በመላክ በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ትገኛለች። ከሆለታ፣ ከሰበታና ከዝዋይ አካባቢ እንቡጥ ሳለ የተቈረጠ ጽጌ ረዳ ቀዝቃዛ ክፍል ገብቶ፣ በቦሌ በኩል ይልቁንም ወደ ሆላንድ ይበርራል። ከቈራጮቹ የሚበዙት ሴቶች ናቸው። የአንድ የውጭ አገር ባልና ሚስት ዐሥራ አምስተኛ ዓመት የእነዚህ እኅቶች የቀን ደመወዝ ሆኗልና፣ ልማዱ የፈጠራ ነው ብዬ ስጽፍ ይጥፋ ማለቴ አይደለም፤ በትክክለኛ ስሙ፣ ንግድ ተብሎ ይጠራ ነው።

ለወላጆቹ የብር ሠርግ ምን ልስጥ ብሎ የሚጠይቀኝ ጓደኛ ቢኖር ግን አይሪስ ፍለጋ አዲስ አበባን ሙሉ አትዙር እለዋለሁ። አደስ በየገበያው ከቅመም ሻጮች ዘንድ ይገኛል። የደረቀ ስለሆነ ለአበባ ማስቀመጫ አይሆንም፤ እናቱ ግን ከቅቤ ጋራ ምን እንደሚያደርጉበት ያውቃሉ።