ኦቨርሎክ ስፌት ሲዘል ከምን እንጀምር?

በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ ሙቀቱ ስስ ልብስ ያስለብሳል። ድሪያ፣ ሽርጥና ጀርሲ ቲሸርት የሚዘመዘሙት በኦቨርሎክ ነው። ለእሑዱ የሰንበቴ ገበያ ለማድረስ ስንጣደፍ መኪናው ስፌት ከዘለለ፣ ብዙዎቻችን ቶሎ ብለን ቴንሽኑን እናዞራለን። ቴንሽን ግን የመጀመሪያው ተጠርጣሪ አይደለም።

ስፌት ለምን ይዘላል?

ኦቨርሎክ ቦቢን የለውም፤ ሥራውን የሚሠሩት መርፌና ሁለት ሉፐሮች ናቸው። መርፌው ወርዶ መመለስ ሲጀምር፣ ከዓይኑ በላይ በጀርባው በኩል ክሩ ትንሽ ዘለበት ይሠራል። የታችኛው ሉፐር ጫፍ ያንን ዘለበት ጠልፎ ማለፍ አለበት። ዘለበቱ ካነሰ ወይም ሉፐሩ ከሳተው ስፌቱ ዘለለ ማለት ነው።

መርፌ

መኪናውን ከመብራት ነቅላችሁ መርፌውን ቀይሩ፤ ደህና ቢመስልም ቀይሩት። የመርፌ መጎበጥ በዓይን ብዙም አይለይም። በብዙ የቤት ኦቨርሎኮች የመርፌው ጠፍጣፋ ጎን ወደ ኋላ ይዞራል። እስከ መጨረሻው ገፍታችሁ ካስገባችሁ በኋላ ብሎኑን አጥብቁ። ለድሪያ ቁጥር 11፣ ለወፍራም ጨርቅ ቁጥር 14 ይስማማል። ለጀርሲ ጫፉ ድቡልቡል የሆነውን መርፌ ምረጡ። ባለ ሁለት መርፌ ከሆነ የዘለለው የግራው ነው ወይስ የቀኙ? የዘለለውን አስቀድሙ።

ክር

ስታስገቡ ፉቱን አንሡ፤ በብዙዎቹ መኪኖች ቴንሽኑ የሚላላውና ክሩ ገብቶ የሚቀመጠው ያን ጊዜ ነው። መጀመሪያ የላይኛውን ሉፐር፣ ቀጥሎ የታችኛውን፣ በመጨረሻ መርፌዎቹን አስገቡ። የታችኛው ሉፐር ክር ከተበጠሰ የመርፌዎቹንም ክር አውጡና እንደገና ጀምሩ። ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ከዘለለ፣ ያን ጊዜ የመርፌውን ቴንሽን በጥቂቱ አላሉ።

አቧራና ብናኝ

በበጋ የቆላው አቧራ ከጨርቅ ብናኝና ከዘይት ጋር ተለውሶ ሉፐሩ ሥር ይጋገራል። በብሩሽ ጥረጉት። በአፋችሁ አትንፉ፤ እርጥበት ይገባዋል፣ ብናኙም ወደ ውስጥ ይሸሻል።

ሉፐር

አሁንም ከዘለለ ጎማውን በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩ። የሉፐሩ ጫፍ መርፌውን ሳይነካ፣ ጀርባውን ታክኮ ማለፍ አለበት። ከራቀ ወይም ከነካ ለመካኒክ ስጡት። በፒንሳ ማቃናት የደህናውን መኪና ዕድሜ ያሳጥራል።

ሙከራ

አንድ ነገር ብቻ ቀይራችሁ፣ በዚያው ጨርቅ ቁራጭ ላይ ሞክሩ፤ ሁለቱን ለውጣችሁ ቢስተካከል መድኃኒቱ የትኛው እንደነበር አታውቁም። የሰፋችሁትን በሁለት እጅ ወጥራችሁ እዩት። ስስ ልብስ ላይ አንድ የተዘለለ ስፌት በመጀመሪያው እጥበት ሊተረተር ይችላል። ደንበኛ የሚመለሰው ልብሱ ከታጠበ በኋላም ሲጸናለት ነውና፣ ሳትሞክሩ የሰው ጨርቅ አትንኩ።