በተሽከርካሪ አደጋ ለተጎዳ ሰው የሕክምናውን ወጪ ማን ይከፍላል?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአዲስ ዓለም፣ በጊንጪ፣ በአምቦና በጉደር አልፎ ወደ ነቀምቴ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ለብዙ አጥቢያዎቻችን ደጃፍ ነው። ኅዳር 21 ቀን ለጽዮን ማርያም ክብረ በዓል ወደ አዲስ ዓለም የሚጓዘው ምእመን፣ በገበያ ቀን እህሉን ጭኖ የሚወጣው ገበሬ፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሰው ሕፃን ሁሉም በዚሁ መንገድ ዳር ይሄዳሉ። አደጋ በደረሰ ጊዜ ቤተ ሰብ ቀድሞ የሚያስበው በሬ ስለ መሸጥ ነው፤ ሕጉ ግን ሌላ በር ከፍቷል።

የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን ሽፋን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ማንኛውም ባለ ሞተር ተሽከርካሪ ያለ መድን በመንገድ ላይ እንዳይነዳ ይከለክላል። ባጃጅም በዚሁ ውስጥ ይካተታል፤ በፈረስ የሚጎተት ጋሪ ግን አይካተትም። ወጪው የሚሸፈነው እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ አስቸኳይ ሕክምና። ተጎጂው ወደ ጤና ተቋም ሲደርስ አስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት አለው፤ ተቋሙም ቅድሚያ ክፍያ ሳይጠይቅ የማከም ግዴታ አለበት። አዋጁ ሲወጣ ለዚህ የተወሰነው ወጪ እስከ 2,000 ብር ነበር።

ሁለተኛ፣ ካሣ። አዋጁ ሲወጣ ለአካል ጉዳት የተወሰነው እስከ 40,000 ብር ነበር፤ የሚከፍለውም ጉዳቱን ያደረሰው ተሽከርካሪ መድን ሰጪ ነው። እነዚህ መጠኖች በደንብ ሊሻሻሉ ስለሚችሉ በሥራ ላይ ያለውን መጠን ከመድን ድርጅቱ መጠየቅ ይገባል። ጉዳቱ ከጣሪያው በላይ ከሆነ፣ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 መሠረት የተሽከርካሪው ባለቤት በኃላፊነት ሊጠየቅ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ገጭቶ ያመለጠ ወይም መድን የሌለው ተሽከርካሪ ከሆነ ለሞትና ለአካል ጉዳት የሚደርሰው የመድን ፈንድ ነው። ስለዚህ «መኪናው አልታወቀም» ተብሎ ተስፋ መቁረጥ አይገባም።

ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት በተለይ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። አሽከርካሪው ሽማግሌ ሲልክ በመካከል የምንቆመው ብዙ ጊዜ እኛ ነን። ዕርቅ መልካም ነው፤ ነገር ግን ተጎጂው ገና በአልጋ ላይ ሳለ፣ የጉዳቱ መጠን ሳይታወቅ፣ ጥቂት ብር ተቀብሎ «ከእንግዲህ አልጠይቅም» ብሎ እንዲፈርም ብናግባባው የቀረውን መብቱን ልንዘጋበት እንችላለን። ደጉ ሳምራዊ ለእንግዳ ማረፊያው ጠባቂ ሁለት ዲናር ሲሰጥ ከዚያ በላይ የሚወጣውንም እከፍላለሁ ማለቱን እናስታውስ፤ የቁስለኛው ወጪ በመጀመሪያው ቀን አያልቅም።

እንግዲህ እያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ አደጋ ሲደርስ እነዚህን ይፈጽም፤ ተጎጂውን በፍጥነት ወደ ሕክምና ማድረስ፤ የሰሌዳ ቁጥሩንና የምስክሮችን ስም መመዝገብ፤ ለትራፊክ ፖሊስ ማስታወቅና ሪፖርቱን መከታተል፤ የሕክምና ማስረጃንና ደረሰኞችን በአንድ ማኅደር መጠበቅ። ከውል ውጪ ለሚደርስ ጉዳት የካሣ ክስ የሚቀርበው በሁለት ዓመት ውስጥ ስለሆነ ሐዘኑ ይብረድ በማለት ጊዜውን ማሳለፍ አይገባም። ይህን ትምህርት ከቅዳሴ በኋላ ለምእመናን እንድታሰሙልን በትሕትና እንጠይቃለን።