የአንድ ኮርያዊ ዘፈን ስም ወደ አማርኛ ሲመለስ

በዚህ አጭር ጽሑፍ ለአንባቢዎች ላቀርብ ያሰብሁት የሰዋስው ጕዳይ ነው። ዘፈን ስለሚነሣበት ግን መምህሮቻችን እንዳይቈጡኝ ከወዲሁ እለምናለሁ።

ኪም ኳንግ ሶክ በ1964 (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፤ ከዚህ በታችም እንዲሁ ነው) ቴጉ በምትባል ከተማ የተወለደ ኮርያዊ ዘፋኝ ነበር። ጊታሩን ታቅፎ፥ ሃርሞኒካውን አንገቱ ላይ አድርጎ በትንንሽ ቲያትር ቤቶች ይዘፍን ነበር። በ1995 ሺኛውን ትርዒት አሳየ፤ በጃንዋሪ 1996 በ31 ዓመቱ ዐረፈ።

በ1991 ባወጣው አልበም ውስጥ «ሳራንግሄትጂማን» የተባለ ዘፈን አለ፤ ደራሲው ሃን ዶንግ ጁን ነው። አንድ ሰው የወደደውን ሰው ከሩቅ እያየ፥ ሊቀርበው ሳይችል ትቶት ይሄዳል። አይራገምም፥ አይወቅስም፤ የዚያን ሰው ድካም ግን ያስባል።

ስሙን እንፍታው። «ሳራንግ» ፍቅር ነው፤ «ሄ» ማድረግን፥ «ት» ያለፈ ጊዜን ያመለክታሉ፤ «ጂማን» ማለት «ግን» ማለት ነው። እንግዲህ መውደድ እንደ ነበረ ተነግሮ፥ «ግን» ተብሎ፥ ዐረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ይቀራል። ማን እንደ ወደደ፥ ማንንም እንደ ወደደ ቃሉ አይናገርም። በግጥሙ ውስጥ ያ ሰው የሚጠራው ለጆሯችን «ግዴ» በሚመስል ቃል ነው። (በኛ ዘንድ «ምን ግዴ» የግድየለሽ ሰው ንግግር ሲሆን በነሱ የፍቅር መጥሪያ መሆኑ ያስቃል።) ይህም ቃል ወንድና ሴት አይለይም።

አማርኛ ግን እንዲህ ያለውን ዝምታ አይፈቅድም። መጀመሪያ «ወድጄሽ ነበር፤ ግን» ብዬ ጻፍሁ። እኅቴ አነበበችና «ይህች ‹ሽ› ማን ናት?» አለችኝ። «ለሰዋስው ነው» ብዬ መለስሁ፤ ፊቴ ግን ሌላ መልስ ሳይሰጥ አልቀረም። ካለፈው ዓመት ወዲህ ሰላምታ የማንለዋወጥ አንዲት ልጅ አለች፤ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ቀጥሎ «ሽ»ን ለማጥፋት «ፍቅር ነበረ፤ ግን» አልሁ። ሰው የሌለበት ቤት ሆነ።

በሦስተኛው «ብወድሽም» አልሁ። እንደ ኮርያው አንድ ቃል ነው፤ ዐረፍተ ነገሩም አያልቅም፤ መጨረሻዋ «ም» የ«ጂማን»ን ሥራ ትሠራለች። ጕድለቱ ያለፈ ጊዜ የሌለው መሆኑ ነው። «ብወድሽም ሄድሁ» ያለ ሰው መውደዱን ትቶ እንደ ሆነ፥ ወይም ዛሬም ይወድ እንደ ሆነ አይታወቅም። ኮርያው «አልፏል» ብሎ የቀረውን ይተወዋል፤ የኛው ማለፉን ራሱን አይናገርም። ይህን እንደ ስሕተት ቈጥሬ ሰርዤው ነበር። ዘፈኑን ደግሜ ስሰማው ግን፥ ያ ሰው በዚያ ድምፅ «አልፏል» ሲል ማን ያምነዋል? መልሼ ጻፍሁት።

አሁን እኅቴ ዕቃ ስታጥብ ታዜመዋለች፤ «ሽ»ን በ«ህ» ለውጣ «ብወድህም» ትላለች። «ህ» ማን እንደ ሆነ አልጠየቅኋትም።