ሕፃን እንዴት ያድጋል

በሐዋሳ ከተማ፣ በሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል የሚባል ስፍራ አለ። ዓሣ አጥማጆች የዘረጉትን መረብ ማለዳ ሰብስበው በጀልባ ወደዚያ ይመጣሉ። ዓሣው ከጀልባ ሲወርድ አንዱ ይገዛል፣ አንዱ ቅርፊቱን ይፍቃል፣ አንዱ ሆዱን ቀድዶ ያጸዳል፣ አንዱም በዘይት ይጠብሳል። ቆሮሶም አምባዛም በዚያ ይሸጣል። አባ ኮዳ የተባሉት ታላላቅ አሞሮች መላጣ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው፣ የሚጣልላቸውን የዓሣ ሆድ ዕቃ እየጠበቁ፣ እንደ ሽማግሌ በዝግታ ይራመዳሉ። ወደ አሞራ ገደል የሚሄድ ሰው ዓሣውንና አሞራውን አይቶ ይመለሳል። ነገር ግን በዚያው ዳር ሌላ ሊታይ የሚገባው ነገር አለ፤ እርሱም የሕፃናት ዕድገት ነው። በእናቱ ጀርባ የታዘለው፣ በሰሌን ላይ የተቀመጠው፣ የጀልባ ጠርዝ ይዞ የቆመው፣ አሞራ የሚያባርረው፣ ገንዘብ ቈጥሮ መልስ የሚሰጠው፣ ሁሉም ባንድ ስፍራ ይገኛሉ።

በዚህ ዳር ዓሣ ጠብሳ የምትሸጥ አንዲት ሴት ነበረች። ሦስት ልጆች ነበሯት። ታላቂቱ የ11 ዓመት ልጅ ስትሆን ከትምህርት ቤት በተመለሰች ጊዜ እናቷን ትረዳ ነበር። ሁለተኛው የ4 ዓመት ከመንፈቅ ወንድ ልጅ ነው። ሦስተኛው ገና 10 ወር የሞላው ሕፃን ነበረ።

አንድ ቀን እናቲቱ ለሁለቱ ልጆች 10 ትናንሽ ቆሮሶ ጠብሳ፣ «ምሳችሁን እኩል ተካፈሉ» አለቻቸው። እኅትዮዋ አምስቱን በኮባ ቅጠል ላይ አራርቃ በረጅሙ ደረደረች። የወንድሟን አምስት ግን አጠጋግታ አስቀመጠችለት። ልጁ ሁለቱን መስመር ተመለከተና፣ «እቴ፣ ያንቺ ይበዛል» ብሎ አለቀሰ።

«ያንተን ቍጠር» አለችው። ቈጠረና «አምስት» አለ።

«የኔንስ?» እርሱንም ሳይሳሳት ቈጠረና «አምስት» አለ።

«እንግዲያ የማን ይበዛል?»

«ያንቺ!»

እኅቱ ተቈጣች። «እያወቅህ ትዋሻለህ፤ ሆዳም!» ብላ ጆሮውን ቈነጠጠችው። ልጁም ምሳውን ትቶ ከጀልባው ጥላ ሥር ሄዶ ተደፋ።

በዚያን ጊዜ አንዲት የሕፃናት መምህርት ዓሣ ልትገዛ መጥታ ይህን ሁሉ ታይ ነበር። ልጅቱንም ወደ እርስዋ ጠርታ፣ «ልጄ፣ ወንድምሽ አልዋሸም፤ ለዐይኑ የታየውን ተናገረ። ነገር ግን እኔን ስለ ሰማሽ ብቻ አትመኚኝ፤ ራስሽ ፈትኚ። ሁለት እኩል ብርጭቆ ውሃ ሙዪ። ልጁ እኩል ናቸው ካለሽ በኋላ አንዱን ውሃ ወደ ቀጭንና ረጅም ጠርሙስ ገልብጪና የትኛው እንደሚበዛ ጠይቂው። የልጁን ዕድሜና የመለሰልሽን ቃል ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ በደብተርሽ ጻፊ። ሲሳሳቱም አትሳቂ፤ የሳቅሽበት ልጅ ሁለተኛ ያሰበውን አይነግርሽም» አለቻት።

ልጅቱም በዚያ ሳምንት የጎረቤቱን ልጆች ሁሉ አንድ ባንድ ፈተነች። ትንንሾቹ ወደ ጠርሙሱ እየጠቆሙ «ይህ ይበዛል፤ ረጅም ነው» አሉ። አንድ የ8 ዓመት ልጅ ግን፣ «ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? መልሰሽ ብትገለብጪው ያው ነው» አላት። የ6 ዓመት ልጅ የሆነችው አንዲቱ መጀመሪያ «ጠርሙሱ» አለች፤ ቀጥላም «አይ፣ ቆይ» ብላ ጣቷን በአፏ ይዛ ዝም አለች። መምህርቲቱ ደብተሩን ባየች ጊዜ ከሁሉ ይልቅ ደስ ያሰኛት ይህ «ቆይ» የሚለው ቃል ነበረ። የልጅ አሳብ ከአንድ ደረጃ ወደ ሌላው ሲሻገር የሚታየው እንደዚህ ባለ ጊዜ ነውና።

ይህ ፈተና በአሞራ ገደል የተጀመረ አይደለም። በአውሮፓ፣ በስዊስ አገር፣ ዣን ፒያዤ የሚባል ሊቅ ነበረ፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1896 ተወልዶ በ1980 ሞተ። ይህ ሰው የሕፃናትን አእምሮ ለማወቅ የገዛ ሦስት ልጆቹን ከተወለዱ ጀምሮ ይመለከት፣ በጨዋታም ይፈትናቸው፣ ያየውንም ይጽፍ ነበር። ከእርሱ በፊትም እንግሊዛዊው ቻርልስ ዳርዊን የበኵር ልጁን ዕድገት በማስታወሻ ጽፎ ይዞ በ1877 አሳትሞታል። እነዚህ ታላላቅ ሊቃውንት ከሕፃን ጋር በምድር ላይ መቀመጥን አልናቁም።

ከፒያዤ ፈተናዎች አንዱን ማናቸውም ተማሪ በቤቱ ሊሠራው ይችላል። ሕፃኑ እያየ ቍልፍ ወይም ማንኪያ በጨርቅ ሥር ይደበቃል። ብዙውን ጊዜ 8 ወር ያልሞላው ሕፃን ጨርቁን ገልጦ አይፈልግም፤ ነገሩ ፈጽሞ የጠፋ ይመስላል። ከዚያ በኋላ ግን ጨርቁን ገፍፎ ያወጣል። ልጅቱም ይህን በ10 ወሩ ወንድሟ ላይ ሞከረችው፤ ሕፃኑም ቶሎ ገለጠና ቍልፉን ወደ አፉ ሰደደው። ደጋግማ በቀኝ ካለው ጨርቅ ሥር ከደበቀች በኋላ፣ እርሱ እያየ፣ በግራ ካለው ሥር ደበቀች። ሕፃኑ ግን የቀድሞውን ጨርቅ ገልጦ ባዶውን አገኘ። በዚያ ዕድሜ ያሉ ሕፃናት ብዙዎቹ እንዲህ ያደርጋሉ፤ ልጅቱ ግን ራሷ ባታይ ኖሮ ይህን ማመን ይቸግራት ነበር።

ከጥቂት ቀን በኋላ ያልታሰበ ነገር ሆነ። ልጅቱ ሁለት እኩል መስመር ዓሣ በታናሽ ወንድሟ ፊት ደርድራ፣ እርሱም «እኩል ነው» ካላት በኋላ፣ ሕፃኑ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ መጣና አንዱን መስመር በእጁ ገፍቶ አራራቀው። እርስዋም ተስፋ ሳታደርግ፣ «አሁንስ የትኛው ይበዛል?» አለችው።

«እኩል ነው እንጂ! ማሙሽ ነው የበተነው» አላት።

ልጅቱ ተገርማ ወደ መምህርቲቱ ሮጠች። «እትዬ፣ ትናንት የማያውቀውን ዛሬ ዐወቀ!» አለቻት። መምህርቲቱም ስትመልስ፣ «ትናንት ዓሣውን ያራራቅሽው አንቺ ነበርሽ። ትልቅ ሰው ሆን ብሎ አንድ ነገር ለውጦ ያንኑ ጥያቄ ሲደግም፣ ሕፃን ልጅ ሌላ መልስ የተፈለገበት ይመስለዋል። ዛሬ ግን የበተነው ሕፃን ነው፤ ስለዚህ ጥያቄሽ ሌላ ትርጕም አልነበረውም» አለቻት። በ1970ዎቹ ዓመታት በስኮትላንድ አገር ጄምስ ማክጋሪግልና ማርጋሬት ዶናልድሰን ይህንኑ በአሻንጉሊት ድብ ፈትነው ነበር። ድቡ እንደ ባለጌ ዘልሎ መስመሩን ሲያበላሽ፣ በትክክል የመለሱት ትንንሽ ልጆች ቍጥራቸው እጅግ በዛ። ይህ የፒያዤን ድካም ከንቱ አያደርገውም። የሚጠይቀው ሰው ራሱ የፈተናው ክፍል እንደ ሆነ ግን ያሳያል። ጆሮ ተቈንጥጦ የተጠየቀ ልጅማ ምን መልስ ሊሰጥ ይችላል?

ስለ ሕፃኑም ሌላ ወሬ ተነሥቶ ነበር። በእጁና በጉልበቱ ሳይድህ በመቀመጫው ብቻ ይንፏቀቅ ስለ ነበረ፣ ጎረቤቶች «ይህ ልጅ መሄዱ ያጠራጥራል» እያሉ እናቱን ያስጨንቋት ጀመር። የዓለም ጤና ድርጅት ግን በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ 816 ሕፃናትን በየጊዜው እያስጐበኘ፣ መቼ እንደ ተቀመጡ፣ መቼ እንደ ቆሙ፣ መቼ እንደ ሄዱ አስጽፎ ውጤቱን በ2006 አሳተመ። ያለ ድጋፍ መቀመጥ ከ4 ወር ገደማ እስከ 9 ወር፣ ብቻን መሄድም ከ8 ወር እስከ 17 ወር ተኩል ገደማ እንደሚደርስ ተገኘ። ከመቶ 4 የሚሆኑት ደግሞ በእጅና በጉልበት ፈጽሞ አልዳሁም፤ ነገር ግን ሄዱ። እናቲቱ ይህን ሰምታ ተጽናናች። መምህርቲቱ ግን፣ «18 ወር ሞልቶት ባይሄድ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፤ ዝም ብለው አይጠብቁ» አለቻት። ልጅቱም ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀን እየቈጠረች ጻፈች። በ11ኛው ወር የጀልባ ጠርዝ ይዞ ቆመ፤ በ12ኛው ጠርዙን ተከትሎ ወደ ጎን ተራመደ። በ14ኛው ወር አንዲት አባ ኮዳ ሊይዝ ብሎ ጠርዙን ለቀቀና አራት እርምጃ ሄዶ ወደቀ።

በዚሁ ጊዜ ከዚያ ዳር አንድ የ2 ዓመት ልጅ ነበረ። ፊቱ ሞላ ያለ ስለ ነበረ ሰው ሁሉ «ደልቦታል» ይል ነበር። ልጅቱ ግን በደብተርዋ እንዲህ ብላ ጻፈች፤ «አይጫወትም፤ አሞራ ሲመጣ አይነሣም፤ ቍልፍ ብደብቅበት አይፈልግም።» መምህርቲቱ ይህን ባነበበች ጊዜ ልጁን ልታይ ሄደች። በሁለቱ እግሮቹ ላይ አውራ ጣቷን ለ3 ሴኮንድ ተጭና ባነሣች ጊዜ፣ የጣቷ ምልክት እንደ ጉድጓድ ሆኖ ቀረ። ይህ ውፍረት ሳይሆን ከምግብ ጉድለት የሚመጣ እብጠት ነው። በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ተወሰደ። የጤና ሠራተኛዋ ክንዱን በመለኪያ ለካች። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ባለ ልጅ የክንዱ ዙሪያ ከ11 ሴንቲ ሜትር ተኩል ካነሰ ብርቱ ጉዳት ነው፤ ከ12 ተኩል ካነሰም ያሠጋል። እብጠት ያለበት ልጅ ግን ልኩ ምንም ቢሆን ሕክምና ይገባዋል።

ልጁም መድኃኒትና የተዘጋጀ ምግብ እየተሰጠው ሰነበተ። ከጥቂት ቀን በኋላ ሲመዘን ክብደቱ ቀንሶ ተገኘ። እናቱ ደንግጣ «ልጄ እየመነመነብኝ ነው» አለች። የጤና ሠራተኛዋም፣ «አይዞሽ፤ የወጣው ውሃው ነው፤ ሥጋው ከእንግዲህ ይመጣል» አለቻት። በዚያ ቀን የዓሣ ሻጭዋ ልጅ ልትጠይቀው ሄዳ ነበር፤ ቍልፉንም በነጠላዋ ሥር ደበቀችበት። በደብተርዋም ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፤ «ክብደቱ ቀነሰ። ፊቱ ከሳ። ቍልፉን ፈልጎ አገኘ፤ ዛሬ ሳቀ።»