በመንገድ ላይ የሚገኘውን ውሃ ለመጠጥ ስለ ማዘጋጀት

ለመስከረም 21 በዓል ወደ ግሸን ማርያም የሚጓዘው ምእመን ብዙ ነው። በዚህ ወራት ክረምቱ ከየሜዳውና ከየበረቱ አጥቦ ያወረደው እድፍ ገና በወንዙ ውስጥ ይገኛል። መንገደኛውም በጠማው ጊዜ ጎንበስ ብሎ በእፍኙ ይጠጣል። የአንጀት ተስቦና ኮሌራ ወደ ሰውነት የሚገቡት በዚሁ እፍኝ ነው፤ ብርቱ ኮሌራም ሕክምና ያላገኘውን ሰው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል።

ብዙ ሰዎች ውሃው ከጠራ ንጹሕ ነው ብለው ያምናሉ። በነጠላ አጥልሎ መጠጣት የአባቶቻችን መልካም ልማድ ነው፤ አልቅትንና ጉድፍን ያስቀራል። ነገር ግን በሽታ የሚያመጡት ተሐዋስያን እጅግ ረቂቃን ስለሆኑ አብዛኞቹ በድርና በማጉ መካከል ያልፋሉ። ስለዚህ ድፍርሱ ውሃ አተላው ከዘቀጠ በኋላ ላዩን ቀስ ብሎ ቀድቶ በንጹሕ ጨርቅ ማጥለል፣ ቀጥሎም ማፍላት ይገባል።

ስለ ማፍላት አንድ ጥያቄ ዘወትር ይቀርብልናል። በደጋ ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ እንግዲያስ ሙቀቱ ይበቃልን? በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ በአዲስ አበባ ከፍታ በ92 ዲግሪ ገደማ መፍላቱ እውነት ነው። ሆኖም በውሃ የሚተላለፉት ተሐዋስያን ከ70 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ፈጥነው ስለሚሞቱ የደጋውም ይበቃል። ከ2000 ሜትር በላይ በሆነ ስፍራ ውሃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ፣ ከዚያ በታች 1 ደቂቃ ማቆየት ነው። ሩብ ሰዓት ይፍላ የሚለው የቆየ ምክር ማገዶ ከመጨረስ በቀር ጥቅም የለውም፤ እንዲያውም እንጨት ያጣውን መንገደኛ ተስፋ አስቆርጦ ጥሬውን ውሃ ያስጠጣዋል።

ማገዶ በታጣ ጊዜ በረኪና ያገለግላል። ኃይሉ 5 በመቶ መሆኑ የተጻፈበትንና ሽቶ ያልገባበትን መርጦ፣ ለ1 ሊትር የጠራ ውሃ 2 ጠብታ ጨምሮ ማማሰልና 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው። ውሃው ደፍረስ ካለ 4 ጠብታ ይሁን። ይሁን እንጂ እንደ ክሪፕቶስፖሪዲየም ያሉት አንዳንድ የተቅማጥ ተሐዋስያን በረኪናን ስለሚቋቋሙ፣ ለሕፃናትና ለድውያን የፈላውን እንመርጣለን። የእርሻ መድኃኒት የገባበትን ውሃ ግን ማፍላትም በረኪናም አያድነውም፤ ሌላ ምንጭ መፈለግ ነው።

የፈላው ውሃ በዚያው በፈላበት ዕቃ ተከድኖ ይቀዝቅዝ። ያደፈ እጅ ወይም ጣሳ የገባበት እንደሆነ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነውና፣ ኩባያ እየነከሩ ከመቅዳት ዕቃውን አዘንብሎ ማንቆርቆር ይሻላል። ጣዕሙ የጠፋበት ሰውም ከአንዱ ንጹሕ ዕቃ ወደ ሌላው ጥቂት ጊዜ ቢገለብጠው ይመለስለታል።