የናይሮቢ የመጠጥ ውሃና የኮረብታው ገበሬ

የናይሮቢ ከተማ ሕዝብ ከሚጠጣው ውሃ ከመቶው 95 እጅ ያህሉ የሚገኘው ከላይኛው የጣና ወንዝ ተፋሰስ ነው። (ይህ ጣና የኬንያ ወንዝ ነው እንጂ የእኛ ሐይቅ አይደለም።) ከአበርዴር ተራሮች የሚወርደው ውሃ በሳሱሙዋና በንዳካይኒ ግድቦች ተጠራቅሞ፥ ከተጣራም በኋላ ወደ ከተማው ይላካል።

ከግድቦቹ በላይ ያለው አገር ተዳፋት ሲሆን፥ ጠባብ መሬት ያላቸው ገበሬዎች ሻይ፥ ቡናና በቆሎ ያመርቱበታል። ዝናብ በበረታ ጊዜ እርከን ከሌለው ማሳ ለሙ አፈር ታጥቦ ወንዝ ይገባል። ገበሬው አፈሩን ከነማዳበሪያው ያጣል፤ የውሃው ድርጅት ደግሞ ጭቃውን ለማዝቀጥ ተጨማሪ መድኃኒትና የኤሌክትሪክ ኃይል ይከፍላል፤ ግድቡም በደለል ይሞላል።

ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2015 የላይኛው ጣና ናይሮቢ የውሃ ፈንድ ተቋቋመ። የከተማው ውሃ ድርጅት፥ የኤሌክትሪክ አመንጪው ኬንጄንና በውሃ የሚሠሩ ፋብሪካዎች ተባበሩበት። አስቀድሞ በተደረገው ስሌት፥ 10 ሚሊዮን ዶላር ቢወጣ በ30 ዓመት ውስጥ 21.5 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ጥቅም እንደሚገኝ ተገምቶ ነበር። ይኸውም ጭቃን በማጣሪያ ጣቢያ ከማስወገድ ይልቅ በማሳው ላይ ማስቀረት ይረክሳል ማለት ነው።

ለገበሬው የሚሰጠው ዋጋ በአብዛኛው ጥሬ ገንዘብ አይደለም። የሚተከል የዝኆን ሣር፥ የዛፍ ችግኝና የባለሙያ ምክር ያገኛል። የዝናብ ውሃ ማቆሪያ ጉድጓዱን ራሱ ሲቆፍር፥ ውሃው እንዳይሰርግ የሚነጠፈው ፕላስቲክ ይሰጠዋል፤ በበጋም አትክልቱን ያጠጣበታል።

እርከንና የሣር መስመር ግን ከማሳው ላይ ቦታ ይወስዳሉ። ላም ያለው ሰው ሣሩን አጭዶ በወተት ይክሰዋል፤ ላም ለሌለው ግን ሣር ብቻውን ክፍያ ሊባል አይችልም። ለእንዲህ ያለው ገበሬ በናይቫሻ ሐይቅ አካባቢ የተሞከረው መንገድ የተሻለ ይመስለናል፤ በዚያ ከታች ያሉት የውሃ ተጠቃሚዎች በላይ ላለው ገበሬ ዘርና የእርሻ ዕቃ የሚገዛበት ኩፖን ይሰጡት ነበር።

የላይኛው ጣና ሥራ ሲታቀድ፥ ብዙ አፈር የሚወርድባቸው ተዳፋት ማሳዎች፥ የወንዝ ዳርቻዎችና የአፈር መንገዶች አስቀድመው ተለይተዋል። ለአዲስ አበባ ውሃ የሚሰጠው የለገዳዲ ግድብም ከታረሰ መሬት የሚወርድ ጎርፍ ስለሚቀበል በክረምት ይደፈርሳል። እዚያም ተመሳሳይ ውል ቢታሰብ፥ ከገንዘቡ በፊት የሚያስፈልገው ይኸው ማሳን ከማሳ የመለየት ሥራ ነው።