ሶብር እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም

ሶብር ሲባል ብዙዎቻችን ዝም ብሎ መጠበቅ ይመስለናል። ሯጩን ሞ ፋራህን እንመልከት። በልጅነቱ በሌላ ልጅ ስም ከጅቡቲ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ በሰው ቤት እንዲያገለግል ተገዷል። በ2016 እ.ኤ.አ. በሪዮ ኦሎምፒክ የ10,000 ሜትር ውድድር፣ ገና ከግማሽ በላይ ሲቀረው፣ ከልምምድ ጓደኛው እግር ጋር ተጠላልፎ ወደቀ። ወዲያው ተነሣ፤ ወርቁንም ወሰደ። የእኛው ታምራት ቶላ 3ኛ ወጣ።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እውነተኛው ሶብር መከራው ገና ሲመታን እንደሚለይ አስተምረውናል። ዘንድሮ ሚድ ፈተና ላይ የወደቅን ብዙ ነን፤ ፋይናሉ ግን ገና ነው። ዶርም ተኝተን ከምንቆዝም ዛሬ ዒሻን ሰግደን ደብተራችንን እንክፈት። ሰበቡን ማድረስ የእኛ ነው፤ ውጤቱ የአላህ።